ልጆች ጨርቅ ላይ አፍሪካዊ ጥለት እንዲነድፉ፦ ከነጠላው ጠርዝ ጀምሩ

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ የሥነ ጥበብ መምህርት ነኝ። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 13 የሆኑ 30 ልጆች ያሉበት የቅዳሜ ክበብ አለኝ። ጨርቅ ላይ አፍሪካዊ ጥለት መንደፍ እንዲለምዱ ብዬ የኬንቴ ምስል ከኢንተርኔት አወጣሁ። በካርቦን ወረቀት ቲሸርት ላይ አስገለበጥኳቸው፤ ከዚያ በብሩሽ አስቀባኋቸው። በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙ ለቀቀ። አንዳንድ ወላጆች ‹ኬሚካል ከምታስነኳቸው በቀይ ሥርና በእርድ ብታሠሯቸው› ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ በሰም የሚሠራውን ባቲክ ሞክሪ ይለኛል። ምን ይሻላል? በዓመቱ መጨረሻ አውደ ርዕይ አዘጋጅተን ለመሸጥም አስበናል።»

ምላሽ፦ ስለ ቀለሙ አብሽሩ፤ እሱ ቀላሉ ነው። ከበድ የሚለው ከቀለሙ በፊት ያለው ነገር ነው። ልጆቹ አልነደፉም፤ ገለበጡ። ቀለሙ ባይለቅም ኖሮ በእጃቸው የሚቀረው የሌላ ሰው ሥራ ግልባጭ ነበር። ነገ ካርቦን ወረቀቱን ቢወስዱባቸው አንድም ልጅ ከራሱ ጥለት ማውጣት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደሚያስተምሩ እንነጋገር፤ ቀለሙ ቀጥሎ ይመጣል።

የመረጡት ኬንቴ ሲጀመር የሚታተም ወይም የሚቀባ ነገር አይደለም። ሽመና ነው። ጋና ውስጥ የአሻንቲና የኤዌ ሸማኔዎች ይሠሩታል። ኩማሲ ከተማ አጠገብ ያለችው ቦንዊሬ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። ሸማኔው የሚያወጣው ጠባብ፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ረጅም ቁራጭ ነው። ብዙ ቁራጮች ጎን ለጎን ይሰፉና አንድ ልብስ ይሆናሉ። ያ ሁሉ ሳጥን ሳጥን የሚመስል መልክ የመጣው ከድሩና ከማጉ ነው። ድርና ማግ የሌለው ልጅ ያንን በብሩሽ ሲቀባ ምክንያቱን ሳያውቅ ውጤቱን ይገለብጣል። በዚያ ላይ መልኩ ውስብስብ ስለሆነ ይሰለቻል፤ መስመሩ ይጠማል፤ «አልችልም» ይላል። ዩኔስኮ ኬንቴን እ.ኤ.አ. በ2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የአሠራር ጥበቡን ብሎ ነው። ለልጆቹ በምስል ያሳዩአቸው፤ ያድንቁት፤ ግን መጀመሪያ የሚሠሩት እሱ አይሁን።

ሌላም የተለመደ ስህተት አለ። ብዙ ሰው «የአፍሪካ ጨርቅ» ሲባል የሚታየው ያ ደማቁ፣ ትልልቅ ቅርጽ ያለበት የታተመ ጨርቅ ነው። የሱ ታሪክ ግን ጠመዝማዛ ነው። የደች ፋብሪካዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጃቫን (የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት) ባቲክ በማሽን አስመስለው መሥራት ጀመሩ። ጥሩ ገበያ ያገኙት ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ላይ ሆነ። ከሁሉም ስሙ የገነነው ፍሊስኮ ኔዘርላንድ ውስጥ ሄልሞንድ ላይ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ይህን የምለው ጨርቁ አፍሪካዊ አይደለም ለማለት አይደለም። የጋናና የናይጄሪያ ሴቶች መርጠውታል፣ ስም አውጥተውለታል፣ የራሳቸው አድርገውታል። ግን «ደማቅ ብርቱካንማና ጥቁር ካልሆነ አፍሪካዊ አይደለም» የሚለው ሐሳብ ከልጆቹ ጭንቅላት ይውጣ። ለልጅ ባዶ ጨርቅ ሰጥታችሁ «አፍሪካን ሣል» ብትሉት አንበሳ፣ ጎጆ ቤትና የአህጉሩን ካርታ ይስላል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። የጠየቃችሁት እሱን ነውና።

የደሴ ልጅ አፍሪካ ውስጥ ነው ያለው። እናቱ ትከሻ ላይ ያለው ነጠላ አፍሪካዊ ንድፍ ነው። ሰፊ ነጭ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀለም። ያ ነጭ ባዶ ቦታ ሳይሠራ የቀረ አይደለም፤ ጥለቱ እንዲታይ የተተወለት ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሞሰብ፣ በአክርማና በሰንደዶ የተሰፋው፣ አለላ የገባበት፣ እሱም ንድፍ ነው። ሞሰብ ደግሞ በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት አለ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጨርቅም ቀለምም አላወጣም። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ጥለት ያለበት ነገር ይዞ ይምጣ፤ መሸከም ካልቻለ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ይምጣ። ነጠላ፣ ሰፌድ፣ የትራስ ጥልፍ፣ ምንም ይሁን። ባቲ ዘመድ ያለው ልጅ ካለ የሰኞው ገበያ ላይ የሚታየውን የአንገትና የእጅ ጌጥ ፎቶ ያስልክ።

ከዚያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «የሚደጋገመው ትንሿ ነገር የቷ ናት?» ልጁ በጣቱ ያሳይ። ነጠላው ጠርዝ ላይ አንዲት አልማዝ መሳይ ቅርጽ ያገኛል። «ቀጥሎ የመጣው እሱ ራሱ ነው ወይስ ተገልብጦ ነው? ዞሯል? ምን ያህል ተራርቀዋል?» ይሉታል። ይቆጥራል። ሞሰቡ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ስፌት ከመሃል ተነስቶ እየዞረ ስለሚያድግ ቅርጹም አብሮ ማደግ አለበት። ሰፊዋ ስንት ጫፍ እንደሚኖረው ገና ከመሃሉ ካልወሰነች መጨረሻው አይገጥምላትም። ይህን ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ እየቆጠሩ የሚሠሩ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። አንዷን ለአንድ ሰዓት ክበቡ ድረስ ቢጋብዙ ከኔ ረጅም ጽሑፍ የበለጠ ያስተምራሉ።

ጥለት ማለት አንዲት ቅርጽ፣ አንድ የመደጋገሚያ ሕግና በመካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ልጁ እነዚህን ሦስቱን ከያዘ የጋናንም የማሊንም የወሎንም ሥራ አይቶ መፍታት ይችላል። የሒሳብ መምህሩንም ጎትተው ያምጡት። በአንድ መስመር ላይ የሚሄድ ጥለት፣ እንደ ነጠላ ጠርዝ ያለው፣ አደጋገሙ ቢገለባበጥ ቢዞር 7 ዓይነት ብቻ ነው። ከዚያ አያልፍም፤ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ስንቱን በከተማው ልብስ ላይ ታገኛላችሁ ብሎ ልጆችን ማሰማራት ሌላ ቅዳሜ ይሞላል።

በዚህ ዕድሜ ላሉት የትኛው የአፍሪካ ዘዴ ይሻላል? ያለ ማመንታት የምመክረው ማኅተም ነው። ምክንያቱም ማኅተም ራሱ ሕጉን ያስተምራል። ቅርጿ አንድ ናት፤ ልጁ የሚያስበው የት ላስቀምጣት የሚለውን ብቻ ነው። መስመር መጥመም የለ፣ «እጄ አይሆንልኝም» የለ። ዘዴው ደግሞ አፍሪካዊ ሥር አለው። የጋና አዲንክራ ጨርቅ የሚሠራው እንዲህ ነው። ኩማሲ አጠገብ ንቶንሶ በምትባለው ከተማ ባለሙያዎች ማኅተሙን ከደረቀ ቅል ይቀርጹታል፤ ከዛፍ ቅርፊት በተቀቀለ ጥቁር ቀለም ነክረው ጨርቁ ላይ ይመቱታል። ቅል የት እንደሚገኝ ለወሎ ልጅ አይነገረውም። እስካሁን ከተረፉት የአዲንክራ ጨርቆች ቀደምት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1817 የተሰበሰበው ሲሆን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ቅርጾቹ ትርጉም አላቸው። ጨርቁም በፊት በተለይ ለሐዘንና ለቀብር ይለበስ ነበር። ይህን ለልጆቹ ይንገሯቸው። ከዚያ ቅርጾቹን እንዳሉ ከመገልበጥ ይልቅ «እናንተ ለሰፈራችሁ ምልክት ብታወጡ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ጀበና ይመጣል፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ይመጣል፤ ባጃጅ መምጣቱም አይቀርም። ይምጣ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ወሎ ውስጥ የላሊበላ መስቀልም ከመስጊድ የታየ ጽሑፍም ለልጅ ዓይን ጥሩ ቅርጽ ነው። ችግሩ ጨርቁ ነገ የት እንደሚውል አለመታወቁ ነው። መቀመጫ ላይ ይነጠፍ ይሆናል፣ መወልወያ ይሆን ይሆናል። ስለዚህ መስቀል፣ የቁርኣን ጽሑፍና የፈጣሪ ስም ማኅተም አይሁኑ። ይህን ሕግ መጀመሪያውኑ ለሁሉም እኩል ይናገሩ፤ ማንም ልጅ «የኔ ብቻ ተከለከለ» እንዳይል። ከላሊበላ የሚወሰድ ሌላ ሞልቷል፤ የመስኮቶቹን ጠርዝ፣ በድንጋዩ ላይ ያለውን ሐረግና ጥልፍልፍ ያሳዩአቸው።

ማኅተሙ ከምን ይሠራ? ድንች አይመረጥም። ውሃው ቀለሙን ያቀጥነዋል፤ በማግስቱ ይሟሽሻል፤ ለመቅረጽም ቢላ ይፈልጋል። ቢላ በ8 ዓመት ልጅ እጅ አይገባም። ሁለት የተሻሉ አሉ። አንዱ ያረጀ ነጠላ ጫማ ነው። ሶሉን ትልቅ ሰው ቆርጦ ያዘጋጃል፤ ልጁ በእስክሪብቶ ቅርጹን ይስላል፤ ከ10 ዓመት በላይ የሆኑት በመቀስ ይከረክሙታል። ሁለተኛው ሲባጎ ነው። ልጁ ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ወፍራም ካርቶን ላይ ሙጫ ይቀባና ሲባጎውን እያጠማዘዘ ይለጥፋል። ምንም ስለት የለውም፤ የሚወጣው መስመርም ያምራል። ቆርኪ ደግሞ ሳይነካ የተዘጋጀ ክብ ማኅተም ነው።

ማኅተም ግራና ቀኝን ይገለብጣል። ይህን ቀድመው አይንገሯቸው፤ ልጁ ስሙን በማኅተም ሠርቶ ተገልብጦ ሲያየው ራሱ ይደርስበታል። ከፊደሎቻችን «ሠ» እና «ወ» ግራና ቀናቸው ስለሚመሳሰል ቢገለበጡም መልካቸው አይቀየርም። «ረ» ግን ይጋለጣል። «ሀ» ታች ወደ ላይ ሲዞር ደግሞ «በ»ን ይመስላል። አንድ «ሀ» ማኅተም ይዞ አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ዞሮ እየመታ የሚሄድ ልጅ ሳይታወቀው የሚያምር ጠርዝ አውጥቷል። አንድ ቅርጽ፣ አንድ ሕግ፣ አለቀ።

አሁን ቀለሙ። የለቀቀው በሦስት ምክንያት ነው፤ ምናልባትም ሦስቱም አንድ ላይ ሆነው። አንደኛ፣ ቲሸርቱ ፖሊስተር ወይም ድብልቅ ሳይሆን አይቀርም። ለማወቅ አንድ ክር መዝዘው እርስዎ ራስዎ ያቃጥሉ፤ ልጆቹ አጠገብ አይሁኑ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ሁለተኛ፣ አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ ነው የተቀባው። ፋብሪካ ቲሸርቱን በማለስለሻ ያክመዋል፤ እንደ አቡጀዴ ያለ የሚሸመን ጨርቅ ሲሆን ደግሞ ክሩን በስታርች ያጠነክረዋል። ያ ሳይወጣ ከላይ ሲቀቡት ቀለሙ የያዘው ክሩን ሳይሆን እሱን ነው። ሲታጠብ ሁለቱም ተያይዘው ይሄዳሉ። ሦስተኛ፣ ቀለሙ በሙቀት አልተያዘም። የጨርቅ ቀለም የሚባለው በካውያ ካልተተኮሰ ገና አልጨረሰም። የተጠቀሙት የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም ከሆነ ደግሞ ምንም ቢያደርጉት አይይዝም፤ የተሠራው ለወረቀት ነው።

መፍትሔው ቲሸርቱን ትቶ አቡጀዴ መግዛት ነው። ርካሽ ነው፣ ጥጥ ነው፣ ቀለሙ ራሱ ሞቅ ያለ ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ይጨማደድ ይሆናል፣ ትንሽም ይገባል፤ ይግባ። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከላይ ከተቀመጠ ስታርቹ አለቀቀም፤ ይደገም። ወዲያው ከጠጣው ደርሷል። ለእያንዳንዱ ልጅ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይበቃል። ትልቅ ጨርቅ መጀመሪያ ላይ ልጅን ያስፈራል።

ቀለሙ የጨርቅ ቀለም ወይም አክሪሊክ ይሁን። የግድግዳ ቀለም ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ግን ሲደርቅ ይገትራል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ለቆዳም አልተሠራም። ለሚለበስ ነገር እሱን ይተዉት። በመጀመሪያው ሥራ አንድ ቀለም ብቻ ይስጡ፤ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ደማቅ ቀይ። ልጆቹ ያጉረመርማሉ። ስድስት ቀለም ከተሰጣቸው ግን በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆናል፤ ስለ ቅርጹም ማንም አያስብም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ አጥፈው ያንጥፉ፤ ከላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ጨርቁ። ለስላሳ መደብ ከሌለው ማኅተሙ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይመታል። መስመር በማስመሪያ ማስመር አያስፈልግም። ጨርቁን አጥፎ በጥፍር መጫን ይበቃል፤ እጥፋቱ ራሱ መስመር ይሆናል። ማኅተሙ ቀለም ውስጥ አይነከርም። ቁራጭ ስፖንጅ ቀለም ይያዝና ማኅተሙ ላይ ጠቅ ጠቅ ይደረግ። ልጁ ማኅተሙን ያስቀምጣል፣ በመዳፉ ይጫናል፣ እስከ አምስት ይቆጥራል፣ ቀጥ አድርጎ ያነሳል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይወፍራል። ሦስተኛው ላይ እጁ ልኩን ያገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ ይለማመድ።

ከ8 እስከ 9 ዓመት ላሉት ሁለት ሕግ ይበቃል። ቀጥ ብሎ መደርደር፣ ቀጥሎ ደግሞ እንደ ጡብ ግድግዳ ሁለተኛውን መስመር በግማሽ ሸርተት ማድረግ። ከ10 በላይ ለሆኑት ማዞርና መገልበጥ ይጨመር። ከዚያም አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ፦ «በማኅተሞቹ መሃል የቀረው ነጭ ቅርጽ ምን ይመስላል?» ይህን ማየት የቻለ ልጅ ንድፍ ገብቶታል።

ተሠርቶ ያለቀው ጨርቅ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይድረቅ። ከዚያ እርስዎ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ከጀርባው በኩል፣ ያለ እንፋሎት፣ ለጥጥ በሚሆን ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ካውያውን እያንቀሳቀሱ ይተኩሱት። ለሦስት ቀን አይታጠብ። ሲታጠብም በቀዝቃዛ ውሃ፣ ተገልብጦ። በረኪና አይነካው። የደሴን ሐምሌ አይመኑት፤ ጉሙ ከገባ ቀን ሙሉ የተሰጣ ጨርቅ ማታም እርጥብ ነው። እርጥብ ቀለም ላይ ካውያ ከወረደ ይለጠፋል። ከቻሉ የጨርቁን ሥራ ከመስከረም በኋላ ያድርጉት፤ ክረምቱን በወረቀትና በማኅተም ይለፉት። ዝቅ ብላ ሞቅ ያለችው ኮምቦልቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን አልልዎትም ነበር።

ወደ ወላጆቹ ሐሳብ። ቀይ ሥር ጨርቅን ያበላሻል እንጂ አይቀልምም። መጀመሪያ ደስ የሚል ሮዝ ይሰጥና በጥቂት እጥበት ይደበዝዛል። እርድ ይይዛል፣ ፀሐይ ግን ይበላዋል። ከጓዳ ከሚገኙት አንጀት የሚያርሰው የፈላ ወፍራም ሻይ ነው። ታኒን፣ ማለትም አፍን የሚያደርቀው ንጥረ ነገር፣ ስላለው ጥጥን ይይዛል፤ ቡናማ ያደርገዋል። በዚህ ታኒን ሌላ ዕፁብ ሥራ ይሠራል፤ ለትልልቆቹ ልጆች እንደ ሁለተኛ ደረጃ የምመክረውም እሱን ነው።

የማሊ የባማና ሴቶች ቦጎላን የሚባል ጨርቅ ይሠራሉ። ጥጡን መጀመሪያ ታኒን ባለው የቅጠል ውሃ ይነክሩትና ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ብረት የበዛበት፣ በማሰሮ ብዙ ጊዜ የቆየ የወንዝ ጭቃ ይቀቡበታል። ብረቱና ታኒኑ ሲገናኙ ጥቁር ይሆናሉ፤ ጭቃው ታጥቦ ቢሄድም ጥቁሩ ይቀራል። የሚገርመው የሚቀባው ቅርጹ አይደለም፤ ዙሪያው ነው። ቅርጹ ሳይነካ የቀረው ቦታ ነው። ይህን የደሴ ልጅ በሻይ መሥራት ይችላል። አቡጀዴውን በወፍራም ሻይ ይነክራል፤ ያደርቃል። እርስዎ ደግሞ ቀደም ብለው የዛጉ ሚስማሮች በአቼቶና በትንሽ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ያቆያሉ። የጠርሙሱን ክዳን አያጥብቁት፤ ጋዝ ያወጣል። ልጁ በዚያ ውሃ በቀጭን ብሩሽ ቅርጹን ሳይሆን ዙሪያውን ይቀባል። ሲቀባው ምንም አይመስልም። ከዚያ ዓይኑ እያየ ግራጫ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይሆናል። ክፍሉ በጩኸት ይሞላል፤ ይዘጋጁ። ከደረቀ በኋላ በሳሙና በደንብ ይለቅለቅ፤ ብረት የበዛበት ጨርቅ በጊዜ ብዛት ይሳሳል። ውሃው ልብስ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም፤ ስለዚህ ሽርጥና ጓንት ይኑር፤ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ «አይጠጣም» ይጻፍበት። በዚያው ክፍል ውስጥ በረኪና አይግባ። በረኪናና አቼቶ ከተቀላቀሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ነው።

ስለ ባቲክ፣ ባለቤትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አይሆንም። የቀለጠ ሰም ከ30 ልጆች ጋር በአንድ ክፍል አይዋልም። ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ እንደ ውሃ አይፈስም፤ ስለዚህ ቃጠሎው ይከፋል። ምድጃ ላይ የተረሳ ሰም ደግሞ ራሱ ይቀጣጠላል። የባቲክ ሐሳብ፣ ማለትም ቀለም እንዳይገባ መከልከል፣ ያለ እሳት ይሠራል። የናይጄሪያ የዮሩባ ሴቶች አዲሬ የሚሉትን ሰማያዊ ጨርቅ ሲሠሩ ከካሳቫ የተሠራ ሊጥ በላባ ይስሉበታል፤ ሊጡ ያለበት ቦታ ሰማያዊው አይገባበትም። እኛ የስንዴ ዱቄትና ውሃ እኩል ለኩል ቀላቅለን እንጠቀማለን፤ እንደ ቀጭን የእንጀራ ሊጥ ይሁን። ልጁ በላስቲክ ጠርሙስ እያፈሰሰ ይስላል። ሊጡ እስኪሰነጠቅ ይድረቅ። ቀለሙ ከላይ ይቀባ፤ አንድ ቀን ይቆይ፤ ከዚያ ሊጡ ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ ይወልቅ። ሲደርቅ ይተኮስ። ስንጥቁ የሚተወው ቀጭን መስመር ሰም ከሚሰጠው አያንስም። በኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ የዱቄት ማቅለሚያ ግን በትልልቆችም እጅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ክበቡ ደጃፍ አይድረስ።

ቅደም ተከተሉን ከጠየቁኝ እንዲህ አደርገዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ከቤት የመጡትን ነጠላና ስፌት ማየትና መቁጠር። ሁለት ቅዳሜ ማኅተም መሥራትና ወረቀት ላይ መምታት። ከዚያ አቡጀዴ በአንድ ቀለም። ሁለተኛ ቀለም የሚገባው የመጀመሪያው ሕግ ሳይዛባ ጨርቁን የሞላ ልጅ ሲኖር ነው። ሻዩና ሊጡ ለሁለተኛው መንፈቅ ይቆዩ። ቸኩለው ሁሉንም በአንድ ወር ካስገቡት ያው ካርቦን ወረቀቱ ላይ ነው የሚመለሱት።

ልኩንም ልናገር። በዚህ መንገድ ልጅ ጥለት ማንበብና ማውጣት ይማራል። ሽመና አይማርም። ጥለትን ክር ላይ ማውጣት ሌላ ሙያ ነው፤ የዓመታት ነገር ነው። ልጆቹን አንድ ቀን ሸማኔ ዘንድ ይውሰዷቸው፤ መወርወሪያው ሲሄድ ሲመጣ ይዩ። የነሱን ማኅተም ከሸማኔው ጥለት ጋር ግን «አንድ ነው» አይበሉ። ሸማኔው ይስቃል፤ መሳቁም ልክ ነው።

ስለ ሽያጩ፣ የምመክረው ግማሹን ነው። ልጁ ሁለት ጨርቅ ይሥራ፤ አንዱ ወደ ቤቱ ይሂድ፣ አንዱ ለአውደ ርዕዩ ይቅረብ። የሚሸጠው በወላጅ ፈቃድ ብቻ ይሁን፤ ገንዘቡ የት እንደሚገባም ቀድሞ ይነገር። «ለቀለም መግዣ» ማለት ይበቃል። ማንም ልጅ «ያንተ ይሸጣል፣ ያንተ አይሸጥም» አይባል፤ በዋጋ ከተለያዩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም የተሸጠውን መገልበጥ ይጀምራሉ። ሁሉም በአንድ መጠን ይቆረጥ፣ በአንድ ዋጋ ይቅረብ። በያንዳንዱ ጨርቅ ጀርባ ትንሽ ወረቀት ይሰፋ። በላዩ ላይ የልጁ የራሱ ስም ብቻ ያለ አባት ስም፣ ዘዴው ከየት እንደመጣና ቅርጹ ከየት እንደተወሰደ ይጻፍ። «አፍሪካዊ ጥለት» ብቻ አይበቃም። «በማኅተም የተሠራ፤ ዘዴውን ያየነው ከጋና አዲንክራ፤ ቅርጹ ከአያቴ ሞሰብ» ይባል። የአጣጠብ መመሪያውን እዚያው ላይ ማከል እንዳይረሱ።